እጁ ታከመ፤ ልቡስ?



ውድ ወንድሞችና እህቶች፣ የዛሬው የጁሙዐ ማስታወሻችን ከወትሮው ረዘም ይላል፤ ታገሱን። ምናልባት ከመካከላችሁ እጁ የተጎዳ፣ ወይም እጁ የተጎዳ ወንድም፣ ባል ወይም ጓደኛ ያለው ሰው ይኖራል። ጽሑፉ ለእሱ ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ አብሮ አደጌ በሚሠራበት እንጨት ቤት መሰንጠቂያው ማሽን ቀኝ እጁን ቆረጠው። አንጓው ላይ ጅማቶችና አንድ ነርቭ ተበጠሱ። ሐኪሞቹ ሰፉለት፤ አልሐምዱሊላህ፣ እጁ ተረፈ። እኛም «ተረፈ» ብለን እፎይ አልን፤ ነገሩ ያለቀ መሰለን።

ፋሻው ከተፈታ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ጁሙዐ መምጣት አቆመ። ቤቱ ሄጄ ስጠይቀው «ደክሞኝ ነው» አለኝ። እውነተኛውን ምክንያት የነገረኝ ከወራት በኋላ ነው። «ሶላት ሲያልቅ ሁሉም ሰው እጁን ይዘረጋል። ግራዬን ስሰጠው ይገረማል። ቀኜን ስሰጠው ደግሞ ፊቴን ትቶ እጄን ያያል። መጀመሪያ ሰላምታው ሳይጀመር ሹልክ ብዬ እወጣ ነበር። በኋላ ጭራሽ ተውኩት» አለኝ።

እኔ በእነዚያ ወራት ምን እለው ነበር? በሄድኩ ቁጥር «ሰብር አድርግ» ብቻ። ቃሉ ትክክል ነው። እኔ ግን ሊናገር አፉን ሲከፍት እንደ ክዳን እደፋበት ነበር። ዛሬ የምጽፈው ከዚያ ስህተቴ የተማርኩትን፣ ከዚያም በኋላ ከባለሙያዎች ጠይቄና አንብቤ ያወቅሁትን ነው።

1. እጅ ለምን ልብን ይነካል?

የሰው እጅ ከአንጓው እስከ ጣት ጫፍ 27 አጥንቶች አሉት። አንጎላችን ውስጥ እንቅስቃሴንና ስሜትን የሚመራው ክፍል ለእጅ የሚሰጠው ቦታ እጅግ ሰፊ ነው፤ ከእጅ በብዙ ለሚበልጠው ለጀርባ ከሚሰጠው ይበልጣል። ስለዚህ እጅ ሲጎዳ ሰውየው የሚያጣው አንድ መሣሪያ ብቻ አይደለም። የሚበላበት፣ የሚጽፍበት፣ የሚሠራበት፣ ልጁን የሚያቅፍበት፣ ሰላም የሚልበት፣ ዱዓ ሲያደርግ ወደ ሰማይ የሚያነሳው ነው።

ሌላም ነገር አለ። የእግር ጠባሳን ሱሪ ይሸፍነዋል። እጅ ግን ሁልጊዜ ዓይን ፊት ነው። የተጎዳው ሰው ራሱ በቀን መቶ ጊዜ ያየዋል። ሰውም ያየዋል፤ «ምን ሆነህ ነው?» ይለዋል። አደጋውን ለመርሳት የፈለገ ሰው በቀን አሥር ጊዜ እንዲተርከው ይገደዳል።

ስለዚህ እጁ የተጎዳ ሰው ቢያዝን፣ ቢበሳጭ፣ እንቅልፍ ቢያጣ፣ በትንሹም ቢቆጣ የኢማን ድክመት ነው ብለን አንፍረድበት። አካል ሲቆስል ደም እንደሚፈሰው ሁሉ፣ ይህም የጉዳቱ አካል ነው።

2. ሕመም፣ ፍርሃትና የደረቀ ጣት

ከእጅ ቀዶ ሕክምና በኋላ ያለው ሥራ ረጅም ነው። የተሰፋ የጣት ጅማት በአብዛኛው ስድስት ሳምንት ያህል በስፕሊንት ይጠበቃል፤ ከባድ ነገር ለማንሳት ደግሞ ሦስት ወር ገደማ መጠበቅ ያስፈልጋል። በዚህ ጊዜ ውስጥ ፊዚዮቴራፒስቱ በለካው መጠን ጣትን ማንቀሳቀስ የግድ ነው። ካልተንቀሳቀሰ ጅማቱ ከዙሪያው ሥጋ ጋር ይጣበቃል፤ መገጣጠሚያውም ይደርቃል። ከመጠን በላይ ከተንቀሳቀሰ ደግሞ ስፌቱ ሊበጠስ ይችላል።

እዚህ ላይ ነው ልብ ወደ ሕክምናው የሚገባው። ሰውየው «ብነካው ይበጠሳል» ብሎ ይፈራል፤ ስለሚፈራ አያንቀሳቅሰውም፤ ስለማያንቀሳቅሰው ይደርቃል፤ ስለደረቀ ሲሞክር ያመዋል፤ ስላመመው የበለጠ ይፈራል። አዙሪቱ ይህ ነው። ጓደኛዬን ቤተሰቡ «ሰነፍ ሆነ፣ እንቅስቃሴውን አይሠራም» ይሉት ነበር። ስንፍና አልነበረም፤ ፍርሃት ነበር። የሚያስፈልገው ተግሣጽ ሳይሆን አጠገቡ ተቀምጦ «ይሄ ሕመም ጉዳት ነው ወይስ መዘርጋት?» ብሎ የሚያስረዳው ሰው ነበር።

አዙሪቱን የሚሰብረው አንዱ ነገር እውቀት ነው። ለምሳሌ የተሰፋ ነርቭ ከመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በኋላ በቀን አንድ ሚሊ ሜትር ገደማ ያድጋል። ከአንጓ እስከ ጣት ጫፍ ያለው ርቀት ወደ 18 ሴንቲ ሜትር ቢሆን፣ ስሜት ወደ ጣት ጫፍ ለመድረስ ስድስት ወርና ከዚያም በላይ ይፈጃል ማለት ነው። ይህን የማያውቅ ሰው በሁለተኛው ወር «ሞቷል፣ አይድንም» ብሎ ተስፋ ይቆርጣል። የሚያውቅ ሰው ግን በጊዜው ይቆጥራል። መንገዱ ላይ የሚሰማው መውረርና የኤሌክትሪክ ንዝረት የሚመስል ስሜትም ብዙ ጊዜ ነርቩ እያደገ መሆኑን የሚያመለክት ነው። በሐምሌ ብርድ እጁ ሲጠዘጥዘውም ጉዳቱ ተመለሰ ማለት አይደለም፤ ነርቭ የተጎዳበት እጅ ብርድ አይወድም። ጓንት ያድርግበት።

እጁን ወይም ክንዱን ያጣ ሰው ደግሞ የሌለው እጅ ሲያመው፣ ጣቱ ሲያሳክከው ሊሰማው ይችላል። ይህን የሰሙ ሰዎች «ጂን ነው» ወይም «አብዷል» ሲሉ ይሰማል። አይደለም። አንጎሉ ለዚያ እጅ የሰጠው ቦታ አሁንም በሥራ ላይ ስለሆነ ነው። በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ) የነርቭ ሳይንቲስቱ ቪላያኑር ራማቻንድራን ለዚህ መስተዋት ተጠቀመ። ሰውየው ጤነኛ እጁን በመስተዋት ፊት ሲያንቀሳቅስ፣ ምስሉ በጠፋው እጅ ቦታ ይታየዋል፤ ለአንዳንዶች የተጨበጠው የሌለ እጅ በዚህ «ይፈታል»። ለሁሉም አይሠራም፤ ግን ዛሬ በብዙ የተሐድሶ ማዕከላት የሚሞከር ዘዴ ነው።

3. ማሽኑ ሌሊት ሲመጣ

ጓደኛዬ ሌሊት ይነቃ ነበር። የጎረቤት ጀነሬተር ሲነሳ ላብ ያጠምቀው ነበር። በእጅ ጉዳት ላይ የሠሩ ሳይኮሎጂስቶች ይህን ድንገተኛ ትዝታ በሦስት መልክ ይለዩታል። አንዱ አደጋው ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እንደ ፊልም ደግሞ የሚታይበት ነው። ሁለተኛው የተቆረጠው እጅ ምስል ብቻ የሚመጣበት ነው። ሦስተኛው ያልሆነው የሚታይበት ነው፤ ሰውየው ሁለት ጣቱን ተጎድቶ ሳለ ሙሉ ክንዱ ሲቆረጥ ያያል። ይህ ሦስተኛው ወደ ሥራ መመለስን በጣም የሚያከብድ ነው፤ አእምሮው ከሆነው የባሰውን እየጠበቀ ነውና።

ትዝታው ሲመጣ የሚረዳው ቀላል ነገር አለ። እግርን መሬት ላይ አጥብቆ መርገጥ። ቀስ ብሎ መተንፈስ፣ አየሩን ሲያስወጡ ማስረዘም። በዙሪያ ያሉ አምስት ነገሮችን በስማቸው መጥራት፦ በሩ፣ ጀበናው፣ መስኮቱ፣ ምንጣፉ፣ ስልኬ። «አሁን ቤቴ ነኝ፤ ማሽኑ እዚህ የለም» ማለት። ዚክርም እዚህ ላይ ልብን ያረጋጋል፤ ሌሊት የነቃ ሰው ውዱእ አድርጎ ሁለት ረከዓ ቢሰግድ ከትዝታው ጋር ብቻውን አይቀርም።

ድምፁን የፈራ ሰው ደግሞ በአንድ ቀን ወደ ማሽኑ አይገፋም። በባለሙያ ምክር በደረጃ ይመለሳል፦ መጀመሪያ በሩ ድረስ፣ ከዚያ ማሽኑ ጠፍቶ ሳለ አጠገቡ፣ ከዚያ እየሠራ በሩቁ፣ እያለ ይቀጥላል። በእያንዳንዱ ደረጃ ልቡ እስኪረጋጋ ይቆያል።

4. ሰብር ማለት ዝምታ አይደለም

ወንድሞችና እህቶች፣ እኔ የተሳሳትኩት እዚህ ላይ ነው። ሰብር ማለት ሕመምን አለመናገር መስሎኝ ነበር። ግን የነብዩ ያዕቁብን (ዐ.ሰ) ታሪክ እናስታውስ። ሰብራቸው ያማረ ነው ተብሎ የሚወሳላቸው እኚህ ነብይ ስለ ልጃቸው ከማዘናቸው ብዛት ዓይናቸው ነጥቷል። ነብያችን (ሰ.ዐ.ወ) ልጃቸው ኢብራሂም ሲሞት አልቅሰዋል። ራሳቸውን ሲያማቸውም ለእናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ) ተናግረዋል። ማዘን፣ ማልቀስና «አመመኝ» ማለት ሰብርን አያፈርስም። መታከምንም ነብያችን አዘውናል፤ የልብ ሕመምም ሕመም ነው።

ስለዚህ «ሰብር አድርግ» ከማለታችን በፊት እንስማ። «ዛሬ ከሁሉ የከበደህ ምንድን ነው?» ብለን እንጠይቅ። መልሱ እኛ ያልጠበቅነው ሊሆን ይችላል። የጓደኛዬ ትልቁ ሸክም ሕመሙ አልነበረም፤ «እናቴን የምረዳው በዚህ እጅ ነበር» የሚለው ነበር። ይህን ሳላውቅ ስንት ወር መከርኩት!

የጦልሓ ኢብን ዑበይዲላህ (ረ.ዐ) ታሪክም አለ። በኡሑድ ቀን ነብዩን (ሰ.ዐ.ወ) በእጃቸው ሲከላከሉ እጃቸው ሽባ ሆነ። ከዚያ በኋላ ከ30 ዓመት በላይ ኖሩ። ነገዱ፣ በችሮታቸው ታወቁ፣ ዑመር (ረ.ዐ) ቀጣዩን ኸሊፋ እንዲመርጡ ከሰየሟቸው ስድስት ሰዎች አንዱ ሆኑ። ሽባ የሆነው እጅ የሕይወታቸው መጨረሻ አልነበረም። ግን አንድ ምክር ልጨምር፦ ይህን ታሪክ በመጀመሪያው ሳምንት፣ ሰውየው በሕመም ሲቃትት አትንገሩት። በቅድሚያ ስሙት፤ ታሪኩ ጊዜው ሲደርስ ይጠቅመዋል።

5. ውዱእ፣ ሶላትና ማዕድ

እጁ የተጎዳ ወጣት ሙስሊም በልቡ የሚያብሰለስለው አንድ ነገር አለ፦ «ዒባዳዬም ጎደለ።» ውዱእ እንደ በፊቱ አይሆንለትም፣ ሱጁድ ላይ መዳፉን መዘርጋት አይችልም፣ በቀኙ መብላት አልቻለም። ይህ ሐሳብ ሳይነገር ውስጥ ሲቀር ያቆስላል።

ስለዚህ ግልጽ እናድርገው። በፋሻ፣ በጀሶ ወይም በስፕሊንት ለታሰረ እጅ በላዩ ላይ በእርጥብ እጅ ማበስን አብዛኞቹ ዑለሞች ፈቅደዋል፤ ዝርዝሩን የሚያምነውን ኡስታዝ ይጠይቅ። «ውዱዬ እንዲሞላ» ብሎ ሐኪሙ ሳይፈቅድ ፋሻ መፍታት ቁስሉን ለኢንፌክሽን ያጋልጣል። መዳፉን መሬት ላይ ማሳረፍ ያልቻለ ሰው በቻለው ይሰግዳል። በቀኙ መብላት ያልቻለ በግራው ቢበላ ዑዝር አለው። ከሁሉም በላይ ደግሞ በሐዲስ እንደመጣው፣ የታመመ ሰው ጤነኛ ሳለ ይሠራው የነበረው መልካም ሥራ ይጻፍለታል። መዝገቡ አልተዘጋም።

አንድ ደስ የሚል ነገርም ልንገራችሁ። ፊዚዮቴራፒስቶች ጣት ለማላላት ከሚያዙት እንቅስቃሴ አንዱ አውራ ጣትን ከእያንዳንዱ ጣት ጫፍ ጋር በተራ ማነካካት ነው። ተስቢሕን በጣት መቁጠር የተወደደ ሱና መሆኑን ደግሞ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። እንቅስቃሴው ሲፈቀድለት ጓደኛዬ ከየሶላቱ በኋላ ዚክሩን በዚያ በደነዘዘ እጁ መቁጠር ጀመረ። መጀመሪያ አውራ ጣቱ ከሌባ ጣቱ አልፎ አይሄድም ነበር። «33 እስኪሞላ አሥር ደቂቃ ይፈጅብኛል» እያለ ይስቅ ነበር። ከአደጋው በኋላ ሲስቅ ያየሁት ያኔ ነው።

6. ቤተሰብና ጓደኛ ምን ያድርግ?

እናቱ ያጎርሱት ነበር። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ጉርሻው ፍቅር ነበር። በሦስተኛው ወር ግን የ24 ዓመት ወጣት በእንግዶች ፊት ሲጎርስ አንገቱን ይደፋ ጀመር። እናቱ «ልጄ ይደክመዋል» ይላሉ፤ እሱ ደግሞ «ከንቱ ሆንኩ» ይላል። ሁለቱም አይነጋገሩም። ነገሩን የፈታችው በተሐድሶ ክፍሉ የምትሠራ ሲስተር ናት። እናቱን ለብቻ ጠርታ «እማማ፣ ከዛሬ ጀምሮ ማንኪያ ይስጡትና ዞር ይበሉ። ይደፋው። እየደፋ ይለምዳል» አለቻቸው።

ከዚህ የምንወስደው ይህን ነው፦

• መሥራት የሚችለውን አትሥሩለት። ቀስ ብሎ ቢያደርገውም ጠብቁት። ሊረዳ ከፈለገ ራሱ ይጠይቅ።

• እጁን ትኩር ብላችሁ አትዩ፤ ደግሞ ከማየትም አትሽሹ። ፊቱን እያያችሁ አናግሩት።

• «እገሌ ከአንተ የባሰ ሆኖ ድኗል» አትበሉት። የእሱን እጅ ከትናንቱ እጁ ጋር ብቻ አወዳድሩ።

• ትንሽ ግብ አብራችሁ አውጡ። «እድናለሁ» ሰፊ ነው። «በዚህ ሳምንት የሸሚዜን ቁልፍ እቆልፋለሁ»፣ «አንድ ስኒ ሽምብራ በጣቴ እለቅማለሁ» ግን ይቆጠራል። በደብተር ይጻፍ። በከፋው ቀን ገጹን ወደ ኋላ ገልጦ ያየዋል።

• ሩቅያ ካስፈለገ ይቀራለት፤ ግን ሩቅያው የፊዚዮቴራፒ ቀጠሮውን አያስቀር። «ዓይን ነው» ተብሎ ቤት የተቀመጠ እጅ ይደርቃል።

• ተመሳሳይ ጉዳት አልፎ የሄደ ሰው ካለ አገናኙት። የእኛ መቶ ቃል የማይሠራውን የእሱ አንድ ቃል ይሠራል።

7. ሥራና ክብር

ፖል ብራንድ የሚባል የቀዶ ሕክምና ሐኪም በ1940ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ) በደቡብ ህንድ፣ በቬሎር፣ በሥጋ ደዌ የተኮማተሩ እጆችን ጅማት በማዛወር ማቅናት ጀመረ። ቀዶ ሕክምናው ተሳካ፤ ጣቶች ተዘረጉ። ግን አንዳንድ ታካሚዎች ቅሬታ ይዘው መጡ። እጃቸው ሲቀና ለልመና የሚዘረጋላቸው ሳንቲም ቀነሰ፤ ጠባሳውን ያየ ቀጣሪ ደግሞ ሥራ አይሰጣቸውም። ዳነ የተባለው እጅ ባዶ ቀረ። ሐኪሙም ቀዶ ሕክምና ብቻውን እንደማይበቃ ስላየ፣ እንጨት ሥራ የሚማሩበት፣ አሻንጉሊት እየሠሩ የሚሸጡበት መንደር መሰል ማዕከል እዚያው አቋቋመ። በእኛም አገር አዲስ አበባ ዘነበ ወርቅ ያለው አለርት በ1965 (እ.ኤ.አ) ሲቋቋም ከሥጋ ደዌ ሕክምና ጋር ተሐድሶን በስሙ ይዞ የተነሳ ነው።

ትምህርቱ ለእኛም ነው። እጅ የሚድነው ሥራ ሲያገኝ ነው። ሱቅ፣ ወርክሾፕ ወይም ቢሮ ያላችሁ ወንድሞችና እህቶች፣ ለተጎዳ ሠራተኛችሁ «ሙሉ በሙሉ ስትድን ና» አትበሉት። ግማሽ ቀን፣ ቀላል ሥራ፣ መለካት፣ መመዝገብ፣ ደንበኛ ማናገር ስጡት። ለእሱ ከደመወዙ በላይ «አሁንም ትፈለጋለህ» የሚለው መልእክት መድኃኒት ነው።

8. ወደ ባለሙያ መቼ እንሂድ?

ከአደጋው በኋላ ባሉት ሳምንታት መረበሽ የተለመደ ነው፤ በብዙዎች ላይም ቀስ በቀስ ይቀንሳል። ነገር ግን ቅዠቱና ድንጋጤው ከአንድ ወር በላይ ከቀጠለ፣ እጁን ማየት ወይም ማስነካት እምቢ ካለ፣ ቀጠሮ መሄድ ከተወ፣ ከሰው ከራቀ፣ የሕመም ማስታገሻ ከታዘዘው በላይ ከወሰደ፣ ጭንቀቱን በጫት ወይም በሌላ ነገር ማደንዘዝ ከጀመረ፣ ለሐኪሙ ንገሩና ወደ ሥነ አእምሮ ባለሙያ ይላክ። «መኖር አልፈልግም» ካለ ደግሞ ቀጠሮ አትጠብቁ፤ ብቻውን ሳትተዉት በዚያው ቀን ወደ ሆስፒታል ውሰዱት። እዚያ መሄድ እብደት አይደለም፤ ለእጁ ሐኪም እንደፈለግን ለልቡም ሐኪም መፈለግ ነው።

ወንድሞችና እህቶች፣ የጓደኛዬ ሌባ ጣት ዛሬም ሙሉ በሙሉ አይታጠፍም። ወደ እንጨት ሥራው ተመልሷል፤ ግን መሰንጠቂያው ላይ ሳይሆን መለካቱና ማጠናቀቁ ላይ ነው። የመጀመሪያው ጁሙዐ የተመለሰ ቀን ሶላቱ ሲያልቅ ከጎኑ የነበሩ አንድ አዛውንት እጃቸውን ዘረጉ። እሱም ትንሽ አመነታና ቀኙን ሰጣቸው። ሰውየው እጁን አላዩም፣ ምንም አልጠየቁም። በሁለት እጃቸው ይዘው፣ ፊቱን እያዩ «አላህ ይቀበልህ፣ ልጄ» ብለው ሄዱ። መንገድ ላይ ስንወጣ «በሚቀጥለውም እመጣለሁ» አለኝ።

ዛሬ ከሶላት በኋላ እጅ ስትጨብጡ እንደ እኚያ አዛውንት ሁኑ። ሰሞኑን ከመስጂድ የጠፋ ወንድም ወይም ከሰው የራቀች እህት ካለ ደግሞ ዛሬውኑ ደውሉ፤ ከመምከራችሁ በፊት አዳምጡ።

አላህ የታመሙትን ሁሉ ያሽርልን፤ ለተጎዱት ሰብርንም ሰሚ ወዳጅንም ይስጣቸው። ለሚያስፈልገው ሰው አድርሱት።